የእማማ ኦክቡን ጉርሻ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ፒልሱን ግን መድኃኒቱን አላጣችም፤ በየሁለት ሳምንቱ ቡሳን ከተማ ድረስ እየሄደች በደም ሥሯ ይንጠባጠብላታል። የቸገራት መደበቁ ነበር። መድኃኒቱ በገላዋ ላይ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ከአማቷ ከእማማ ኦክቡን ዓይን መሸሸግ ነበረባት፤ የእማማ ኦክቡን ዓይን ደግሞ በሰማንያ ስድስት ዓመቱም ከጭልፊት አያንስም።

ነገሩ የተጀመረው ሙቀቱ በበረታበት ወር ነው። ከትልቁ አንጀቷ ላይ ካንሰር ቆርጠው ሲያወጡላት ባሏ ዱሺክ ለእናቱ «የጨጓራ ቁስል ነው» ብሎ ነገራቸው። ታላቅ ወንድሙ ማንሺክ በካንሰር የሞተ ጊዜ እማማ ኦክቡን አልጋ ላይ ወድቀው ግማሽ ዓመት አልተነሡም፤ የሩዝ አጥሚት በማንኪያ እየተደረገላቸው ነው የተረፉት። «ሁለተኛ ከሰማች ትሞትብናለች» አለ ዱሺክ። ክፉ ወሬን ከሽማግሌ ጆሮ ማራቅ የልጅ ወግ ስለሆነ ማንም አልተቃወመውም። ፒልሱንም አልተቃወመችም። የመንደሩ ሰው በሙሉ ምስጢሩን እንደ ጠበል ጠዲቅ ተካፍሎ ዝም አለ።

ፒልሱን ዋሾ ሆና አልተፈጠረችም። ገና በሃያ ሦስት ዓመቷ ከሌላ ደሴት ተድራ ወደዚህ የባሕር ዳር መንደር ከመጣች ጀምሮ ሥራዋ ጉል መፈልፈል ነው። ጉል ማለት ዛጎል ውስጥ ተጣብቆ የሚኖር ለስላሳ የባሕር ሥጋ ነው፤ በብርዱ ወራት የመንደሩ ሴቶች አንድ መጋዘን ውስጥ ተሰልፈው ቆመው፣ ዛጎሉን በአጭር ቢላ እየከፈቱ ያወጡታል። በዚህ ሥራ የእሷን እጅ የሚቀድም አልነበረም። ጓደኞቿ ከእጇም ምላሷ ይፈጥናል እያሉ ይተርቧት ነበር፤ ለቀልድና ለነገር እንጂ ለውሸት ግን አልነበረም።

መድኃኒቱ ዋሾ አደረጋት። ቀዝቃዛ ነገር በነካች ቁጥር ኤሌክትሪክ እንደያዛት ሁሉ ጣቶቿን ይነዝራታል። የበር እጀታ ይነዝራታል፤ የብረት ማንኪያ ይነዝራታል። ስለዚህ በእንጨት ማንኪያ መብላት ጀመረች፤ እማማ ኦክቡን ለምን ሲሏት ጥርሴ ተሸርፎ ነው አለች። ማቀዝቀዣ ስትከፍት የሱፍ ጓንት ታጠልቃለች፤ ቁርጥማት ነው አለች። ቀዝቃዛ ውኃ ከጠጣች ጉሮሮዋ ጭምድድ ብሎ ይዘጋባታል፤ ፔርሙስ በአንገቷ አንግታ መዞር ሆነ፤ ለዚህም ጨጓራ ተጠያቂ ሆነ። ከቡሳን በተመለሰች ቁጥር ማቅለሽለሹ ይጥላታል፤ እሱ እስኪያልፍ የባሏ እህት ሱኒም ቤት ሥራ ላግዝ ብላ ሄዳ ትተኛለች። ደረጃ ስትወርድ የደነዘዘ እግሯ መሬቱን አያገኘውም፤ ለዚህ የሚሆን ውሸት ስላጣች ደረጃ መውረዱን ተወችው።

ከሁሉ የባሰው አፏ ነው። መጀመሪያ ምግብ ሁሉ ዝገት ዝገት አላት፤ ከዚያ ጎምዛዛውም ጨዋማውም ጠፋና ሩዝ ስትበላ ሰጋቱራ የምታኝክ ይመስላት ጀመር። ትበላለች ግን። ካልበላች ትከሳለች፤ ከከሳች አማቷ ይጠይቃሉ።

እንዲህ እያለች ኅዳር ደረሰ፤ ለብርዱ ወራት የሚሆነው ኪምቺ፣ በድልህ ተቀብቶ የሚቦካው ጎመን፣ የሚሠራበት ቀን መጣ። ዱሺክ ዘንድሮስ ይቅርብን አለ። የሚቀር ነገር መስሎት ነው እንጂ በዚያ ቤት ጦርነት ባለበት ዓመት እንኳ ኪምቺ ተሠርቷል፤ ቢቀር እናቱ ለምን ማለታቸው አይቀርም። ፒልሱንን ያስፈራት ግን ሥራው አልነበረም። የቡሳኗ ነርስ ነጭ የደም ሴሏ በጣም እንዳነሰ ነግራታለች። ጥሬ ነገር፣ ይልቁንም ከባሕር የወጣ ጥሬ ነገር፣ በአፏ እንዳይዞር አስጠንቅቃታለች፤ ሌላውን ሰው ሆዱን ቆርጦት የሚያልፈው ጀርም አንቺን ሊገድልሽ ይችላል ብላታለች። በዚያ መንደር ደግሞ ጎመኑ የሚቀባው ድልህ ያለ ጥሬ ጉል አይሠራም። ድልሁ ሲደርስ እማማ ኦክቡን ከጎመኑ ልብ ቅጠል ቀንጥሰው፣ ድልሁንና ጉሉን ጠቅልለው፣ ከሰው ሁሉ አስቀድመው ምራታቸውን ያጎርሷታል። ድልሁ ከሚለወስበት ሳፋ አጠገብ ለመቀመጥ እንኳ ፒልሱን አሥር ዓመት ጎመን ስታጥብ ኖራለች፤ ያን ጉርሻ ለማግኘት ደግሞ ከዚያም በላይ ቆይታለች። እምቢ ማለት የሚባል ነገር በዚያ ግቢ ታይቶ አይታወቅም።

ስለዚህ ከሱኒም ጋር መከሩ። ሱኒም ለፍላፊ ብትሆንም ምስጢር ትችላለች። እማማ ኦክቡን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቤት ውስጥ ከሞቀው ወለል ሳይነሡ ይውላሉ፤ ሱኒም ጎመኑን ከቀዝቃዛው ውኃ ታወጣለች፤ ፒልሱን ድልሁን ትለውሳለች፤ ከዚያ ራሴን አዞረኝ ብላ ስትገባ ጉሉ ይጨመራል። ምክራቸው ይህ ነበር።

እንዲህ ያለ ምክር የሚመክር ሰው እማማ ኦክቡንን አያውቅም። ጎመኑ ገና ሳይንጠፈጠፍ ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አሉ፤ በርጩማ አስመጥተው ከትልቁ ቀይ ሳፋ ፊት ተደላደሉ።

«ይሄ ሁሉ ጓንት ምንድን ነው?» አሏት ፒልሱንን። ከሱፉ ላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ላይ ሌላ ላስቲክ አጥልቃለች። «እጅ ያልነካው ኪምቺ ምን ሊጥም ነው?»

ያው ቁርጥማቱ ነው አለች። ብርዱ ግን በሦስቱም ጓንት አልፎ ይገባል። ድልሁ ውስጥ የተከተፈው ፍጅል ውጭ ያደረ ስለሆነ በነካችው ቁጥር መርፌ ከጥፍሯ ሥር የሚሰካ ያህል ይወጋታል። ጥርሷን ነክሳ ትለውሳለች፤ ሲብስባት ውኃ ልጠጣ ብላ ዞር ትልና ፔርሙሱን በሁለት እጇ አቅፋ ትቆያለች። ሊያግዙ የመጡት ጎረቤቶቿ አንገታቸውን ደፍተው ጎመናቸውን ያያሉ። እያንዳንዷ የምታውቀውን እንዳታውቅ ሆና መቀመጥ ከብዷታል።

እማማ ኦክቡን ድልሁን በጣታቸው ጫፍ አንሥተው ምላሷ ላይ ነካ አደረጉላትና እንደየዓመቱ ፊቷን ትክ ብለው አዩ። ማቃጠሉን ብቻ አወቀች፤ ጨው የለም፣ ጣዕም የለም። አምና ያለችው ትዝ አላትና «ጨው ትንሽ ይጎድለዋል» አለች። ተጨመረ። ደግመው አቀመሷት። ዝም ማለቱን ስለፈራች ያንኑ ደገመች። አሁንም ተጨመረ።

ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው የጉሉን ወንፊት በራሳቸው እጅ አንሥተው ሳፋው ውስጥ ገለበጡት። አንዴ አማሰሉና የጎመኑን ቢጫ ልብ ቀነጠሱ፤ ከሁሉ ትልቁን ጉል መርጠው ጠቀለሉ። ፒልሱን ራሴን አዞረኝ ለማለት ቀና ስትል እጃቸው ከአፏ ፊት ደርሷል።

«ለእኔ ስጪኝ እማዬ፣ ርቦኛል» አለች ሱኒም በመሃል ገብታ።

«አንቺ አፍሽን ዝጊ፣ ብርድ ይገባበታል» አሉና በክርናቸው ገፏት።

ዱሺክ የጎመን ቅርጫት እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ። ሁሉም ያውቃሉ፤ ሁሉም ያያሉ፤ አንድም የሚናገር የለም። ፒልሱን በልቧ ሰደበቻቸው፣ ራሷንም ጨምራ። ብትውጠው ልትሞት ትችላለች፤ ባትውጠው አሮጊቷን ትገድላለች፤ ሲነግሯት የከረሙት ይህንኑ ነበር። አፏን ከፈተች።

ጉሉ በረዶ ነበር። ምላሷ ላይ እንዳረፈ ጉሮሮዋ ሰው ያነቀው ያህል ጭምድድ አለ። አየር ፈለገች፤ አላገኘችም። በርጩማዋን ገልብጣ ተነሣችና ከቤቱ ጀርባ፣ የሸክላ ገንቦዎቹ ወደተደረደሩበት ሮጠች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ተፋችው። ከፔርሙሱ ሙቅ ውኃ እየቀዳች ተጉመጠመጠች፣ ደጋግማ ተፋች። ትንፋሿ እያፏጨ ቀስ በቀስ ተመለሰላት። ዞር ስትል እማማ ኦክቡን ከኋላዋ ቆመዋል። መሬት ላይ የወደቀውን ጉል ያያሉ።

«እጄን ተፋሽው» አሉ።

ውሸት ፈለገች። ጥርስ፣ ቁርጥማት፣ ጨጓራ፤ ሁሉንም ጨርሳዋለች።

«ጨጓራ አይደለም እማማ» አለች። «ካንሰር ነው። ቆርጠው አውጥተውልኛል፤ አሁን መድኃኒቱ ላይ ነኝ። ጥሬ ከበላሁ ሊገድለኝ ይችላል። ብርድም አልችልም። የእርስዎን እጅ ንቄ አይደለም።»

ይህን ብላ ሲወድቁ ልትይዛቸው ሁለት እጇን ዘረጋች። እማማ ኦክቡን አልወደቁም።

«ማን ማን ያውቃል?»

«ሁሉም።»

«ሱኒምም?»

«እሷም።»

«በመኪና እየዞረ እንቁላል የሚሸጠውስ?»

«እሱም ያውቃል እማማ።»

አሮጊቷ ቅርብ ያለውን ገንቦ ተደገፉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ቀጭን ነበር።

«የማንሺክንም በሽታ እንዲሁ ደበቃችሁኝ። ያበሰልሁለትን ሲገፋው፣ የሚስትህን ምግብ ለመድህና የእናትህን እጅ ናቅህ ብዬ ሰደብሁት። ደስ ይበላት ብሎ በላልኝ። እዚሁ ግድግዳ ሥር ሲያስመልሰው ደረስሁበት፤ ያን ጊዜም ሰደብሁት። እንደተሰደበ ሞተብኝ።» ቀና ብለው አዩዋት። «አልጋ ላይ የጣለኝ ሞቱ ብቻ ይመስላችኋል? የታመመ ልጄን ስሰድብ ሁላችሁም ቆማችሁ ማየታችሁ ነው።»

ፒልሱን ያን ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበረች። ማንሺክ ያስመለሰውን በውኃ ያጠበችው እሷ ናት። ስትጠርግ አማቷ ከውስጥ ሲራገሙ ሰምታለች፤ ለእሳቸው ስትል ዝም ማለቷ መልካም ሥራ መስሏት ነበር። አሁን አፍራ አለቀሰች፤ በሽታው ከተነገራት ቀን ወዲህ እንዲህ አላለቀሰችም። እማማ ኦክቡን አላባበሏትም። እስክትጨርስ ጠበቋት።

«ታዲያ ጨው ይጎድለዋል ያልሽኝስ?» አሉ ኋላ።

«አፌ ከሞተ ቆይቷል እማማ። የአምናውን ነው የነገርሁዎት።»

«ወይ ጉዴ» አሉ እማማ ኦክቡን። «የእኔም ምላስ ከሞተ ዓመታት ሆነው። ድልሁን የማጣፍጠው አንቺን አጉርሼ ፊትሽን እያየሁ ነው። ዛሬ ፊትሽ አንዳች ነገር አልነግር ቢለኝ፣ ዓይኔም ደከመ ብዬ ነበር።»

ሁለቱም ባንድ ጊዜ ወደ ግቢው ዞሩ። ሴቶቹ የሚያዩት ስላጡ ድልሁን ጎመኑ ላይ መቀባት ጀምረዋል።

እማማ ኦክቡን መሬቱን በከዘራ እየመቱ ተመለሱና ሁሉንም አስቆሙ። ሱኒምን ጠርተው ቅመሺ አሏት። በሕይወቷ ሙሉ ድልህ አስቀምሰው ሐሳቧን ጠይቀዋት አያውቁም። ሱኒም ቀምሳ ፊቷ ተጨማደደ፤ ባሕሩን ቀድታችሁ ነው ወይ የደፋችሁበት አለች። ጨውን እንዲቀንሰው ሌላ ፍጅል መጥቶ እንዲከተፍበት ሆነ። ፍጅሉን ሊያመጣ የተነሣውን ዱሺክን እናቱ ቅርጫቱን እንደታቀፈ አቆሙት፤ በጎረቤቱ ሁሉ ፊት፣ ምራቴ ካንሰር ታማለች፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት የታመመ ሰው ካለ ከእንቁላል ሻጩ በፊት ለእኔ ይነገረኛል አሉት። ዱሺክ አንገቱን ደፋ። አንዲት ጎረቤት ልትስቅ ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

ለሠሪዎቹ የሚሆነው የአሳማ ሥጋ እየተንተከተከ ነበር። እማማ ኦክቡን ከድስቱ አንድ ቁራጭ አስወጡና ደጋግመው እፍ አሉበት። ይሄ በስሏል፣ ይፈቀድልሻል ወይ ብለው ጠየቋት። ይፈቀድልኛል አለች። አጎረሷትና ፊቷን ትክ ብለው አዩ።

«ምን ይላል?»

ፒልሱን አኘከች። ሙቀቱ ይሰማታል፤ ሌላ ነገር የለም። ጥሩ ነው እማማ ልትል ነበር።

«ምንም አይልም» አለች።

«ለእኔም ምንም አይለኝም» አሉ እማማ ኦክቡን፤ ለራሳቸው አንድ ጎረሱና ሁለተኛውን ይቆርጡላት ጀመር።