ፒከርስጊል የፈረመበት ቀን

ባሌ ጆብ ሃውርዝ ጫማ ሰፊ ነበር። እሑድ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እሱ ከኮረብታው ኪሱን በጢንዚዛ ሞልቶ ይወርዳል። ልጅ አልወለድንም፤ ቤታችንን የሞሉት በስፒል የተሰኩ ጢንዚዛዎች ነበሩ። አንዷን፣ ጀርባዋ ላይ አረንጓዴ መስመር ያላትን፣ ከሱ በፊት ያያት ሊቅ አልነበረም።

ባለመሬቱ ፒከርስጊል «ላጥናትና እመልሳታለሁ» ብሎ ወሰዳት። በዓመቱ ያገኘኋት እኔ ነኝ ብሎ መጽሐፍ አሳተመ። ጆብ ሙዚየም ውስጥ ሥራ ሲጠይቅም «ጫማ ሰፊ ወስፌውን ይያዝ» ብሎ ያስከለከለው እሱ ነው። ጆብ ወደ ጫማው ተመለሰ። እኔ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቂሜን ይዤ ተኛሁ፣ ቂሜን ይዤ ተነሣሁ።

ኋላ የጆብን ጣቶች ቁርጥማት አኮማተራቸው፤ ወስፌ መጨበጥ አቃተው። በደብዳቤ የሚያውቁት ሊቃውንት ይህን ሲሰሙ ንግሥቲቱ ጡረታ እንድትቆርጥለት ማመልከቻ ጻፉ። የማንችስተሩ ሐኪም ዶክተር ኦሬል ወረቀቱን ይዘው ቤታችን መጡ።

«ታቢታ፣ ዘጠኝ ሰው ፈርሟል። ግን ጡረታውን የሚያጸድቀው ሚኒስትር የፒከርስጊል አማች ነው። ፒከርስጊል ካልፈረሙ...»

«ይፈርማ!» አልኩ።

ጆብ ደንግጦ አየኝ። «አንቺ ሴት፣ ምን አስበሻል?»

«አንተ ሻይህን ጠጣ።»

ማክሰኞ ፒከርስጊል ዶክተሩ አስጠርተውት በሠረገላ ቤታችን መጣ። የታላላቆቹን ስም ሲያይ ዓይኑ በራ፤ ከነሱ ተርታ ለመግባት ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። ብዕሩን ሲያነሣ ወረቀቱን ሳብ አደረግሁበት።

«ጌታዬ፣ መጀመሪያ ጢንዚዛዋን ማን እንዳገኛት ይጻፉ። በገዛ እጅዎ።»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ሰምተውኛል።»

ወደ ዶክተሩ ዞረ። «ይህችን ሴት ዝም አያሰኟትም?»

ዶክተር ኦሬል መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ «ስምዎ ከቀረ ‹ለምን ቀረ?› ብለው ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ ውሸት አልችልበትም» አሉ።

የፒከርስጊል ጆሮ ደም መሰለ። «ያገኛት ጆብ ሃውርዝ ነው» ብሎ ጻፈ።

«‹እኔ አይደለሁም› የሚለው ይጨመር» አልኩት። ጥርሱን ነክሶ ጨመረው፤ ያኔ ማመልከቻውን ሰጠሁትና ፈረመ።

ጡረታው ተፈቀደ። ጽሑፉ በሊቃውንቱ ጉባኤ ፊት ተነበበ፤ ፒከርስጊልም ከዚያ ወዲያ እዚያ ደጃፍ አልደረሰም።

«አሁን በቃሽ?» አለኝ ጆብ።

አልበቃኝም። ፒከርስጊል ሲሞት ቀብሩ ላይ ቆምኩ። ሰዉ ያዘንኩ መስሎት አጽናናኝ፤ እኔ ግን አፈሩ በደንብ መደልደሉን ለማየት ነበር የሄድኩት።