ከዋጃ የወጣችው ደራሲ

ራዊያ ቆቦ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ደንበኛ ሲጠፋ ከስፌት መኪናው መሳቢያ ደብተር ታወጣና የፍቅር ታሪክ ትጽፋለች። በሰባት ዓመት አምስት ደብተር ሞልታለች፤ ከጓደኛዋ ከጀዊሪያ በቀር ግን ያነበበላት ሰው የለም። ጀዊሪያ «ለምን አታሳትሚውም?» ባለቻት ቁጥር መልሷ አንድ ነበር፦

«አንቺ ደግሞ! ደራሲ የሚሆነው አዲስ አበባ የተወለደ ነው። የቆቦን ልብስ ሰፊ ማን ዞር ብሎ ያያታል?»

ከደራሲዎች ሁሉ ቆንጅትንና ዘካሪያስን ታስበልጣለች። የቆንጅትን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ አንብባዋለች፤ አንድ ጊዜማ ሊሰፋ የመጣ የሰው ቀሚስ በእንባ አበላሽታለች። ባለፈው ጥር መጽሐፍ የሚሸጡት አቶ ሞላ ሁለቱንም ጋብዘዋል ሲባል ደስታውን አልቻለችውም። አዲስ ቀሚስ ሰፋች፣ የተሻለውን ደብተር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ከጀዊሪያ ጋር ሄደች።

ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ወንበሩ በረንዳ ላይ ተደርድሯል። ዘካሪያስ ቀድሞ ተናገረ፤ ራዊያ አፏን ከፍታ ሰማችው። ቀጥላ ቆንጅት ማይኩን ተቀበለች።

«እንግዳ አድርጋችሁ አትዩኝ» አለች። «እኔኮ የዋጃ ልጅ ነኝ።»

በረንዳው በጭብጨባ ተናጋ። የራዊያ እጅ ግን አልታዘዛትም። ዋጃ! ሚኒባስ ቶሎ ከሞላ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ! የአዲስ አበባ ልጅ መስላት ሳለች የወደደቻትን ያህል፣ የዋጃ ልጅ መሆኗን ስትሰማ አንገበገበቻት። ጫማዋን አየች፤ የኔው ዓይነት ነው አለች በልቧ። አነጋገሯን ሰማች፤ ምን ትለያለች? ሰባት ዓመት ሙሉ «ከዚህ አገር ደራሲ አይወጣም» ብላ ተደግፋ የኖረችበት ግድግዳ በአንድ ቃል ተናደባት።

«ጥያቄ ያለው?» ሲሉ አቶ ሞላ፣ ማንም ሳይቀድማት ተነሣች።

«በመጽሐፍዎ ፍቅረኞቹ ሚያዝያ ላይ ማሽላ ውስጥ ይደበቃሉ። የሚያዝያ ማሽላ እንኳን ሰው ጥንቸል አይደብቅም፤ ገና መዘራቱ ነው። የዋጃ ልጅ ይኼን እንዴት ሳተችው?»

ጀዊሪያ ቀሚሷን ጎተተቻት። ቆንጅት መጀመሪያ ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች።

«እውነትሽን ነው እህቴ! በስምንት ዓመቴ ነው ወደ ደሴ የወሰዱኝ፤ ረስቼዋለሁ። ስንት አርታኢ አንብቦት ያላየውን አየሽ። አንቺም ትጽፊያለሽ መሰል?»

«ኧረ አልጽፍም» አለች ራዊያ።

«ወላሂ ትጽፋለች!» ብላ ጮኸች ጀዊሪያ። «አምስት ደብተር አላት!»

«እስኪ አሳዪኝ።»

«ቤት ነው ያለው» አለች ራዊያ፣ ቦርሳዋን በብብቷ አጥብቃ ይዛ። ቆንጅት ሳትቆጣ ስልክ ቁጥሯን ጽፋ ሰጠቻት። ብትቆጣባት በቀለላት ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ቆንጅት «እንዴት ያለች ትሑት ናት!» እያለ ወጣ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደወለችም። ከገበያ የምትመለስ ሴት የቆንጅትን መጽሐፍ ይዛ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። በመጨረሻ ጀዊሪያ መጣችና፦

«ለመሆኑ ብትቀኚ ማን ይጎዳል? እሷ እንደሆን ጽፋለች» አለቻት።

ንግግሩ አናደዳት። ንዴቷ ሳይበርድ የመጀመሪያውን ደብተር ገጽ በገጽ በስልኳ አንስታ በቴሌግራም ላከችው። መልሱ በማግሥቱ መጣ፦ «ጅምሩን ሃያ ገጽ ቁረጪው። ታሪክሽ የሚጀምረው ልጅቷ ከአውቶቡስ ስትወርድ ነው።»

ራዊያ ሁለት ቀን ተበሳጨች። «ምቀኛ!» እያለች ለጀዊሪያ አማቻት። በሦስተኛው ቀን ግን ሃያውን ገጽ ዘላ አነበበችው። ከዚያ መቀሷን አንስታ ገጾቹን እንደ ተረፈ ጨርቅ ከደብተሩ ቆረጠቻቸው።

እስካሁን አላሳተመችም፤ ሦስተኛውን ምዕራፍ እንደገና እየጻፈች ነው። ከቆንጅት ጋርም በየጊዜው ይጻጻፋሉ። ይሁን እንጂ በቀደም የቆንጅት አዲስ መጽሐፍ አቶ ሞላ ዘንድ ደረሰ ሲባል፣ ራሷ ሄዳ መግዛት ሞት ሆነባት። ጀዊሪያን ላከቻት። «ለኔ ነው እንዳትያቸው» ብላ አስጠንቅቃ።