ያልገባችው ልጅ

አክስቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ምሳ መብላታቸውን እንኳ ይረሱ ነበር። ያሳደጉኝን እኔን ሳይቀር «ልጄ፣ የማን ነሽ?» ይሉኛል። ከሰዓት በኋላ የጭሮ ሰማይ ሲጠቁር ግን ደጅ ላይ ቆመው «አስካለን አስገቧት፣ ጎርፉ ሊመጣ ነው» ይላሉ።

አስካለ በልጅነቷ ሂርና አጠገብ ደራሽ ውሃ የወሰዳት ታናሽ እህታቸው ናት። መጀመሪያ ላይ «እትዬ፣ እሷ እኮ ድሮ ሞታለች» እላቸው ነበር። በሰሙ ቁጥር መርዶው አዲስ ይሆንባቸውና መሬት ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

የሚያክማቸውን ሐኪም ጠየቅሁት። «አዲስ ነገር የሚይዘው የአንጎላቸው ክፍል ተጎድቷል» አለኝ። «የድሮው ትዝታ ግን የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ በሚገናኙበት ቦታ ተሠርቶ የቀረ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስቡት መገናኛው እየጠነከረ ሄዷል።»

ከዚያ ወዲያ «ገብታለች እትዬ፣ ልብሷን እየቀየረች ነው» ማለት ጀመርኩ። እሳቸውም «ተመስገን» ብለው ይቀመጣሉ። ይህን ደጋግሜ ስናገር ግን አይቻት የማላውቃት ልጅ ትታየኝ ጀመር፤ እርጥብ ቀሚሷ፣ እግሯ ላይ ያለው ጭቃ።

አሁን የእትዬ ወንበር ባዶ ነው። ትናንት ደመናው ሲከብድ ባለቤቴ የግቢውን በር ሊዘጋ ተነሳ።

«ቆይ፣ አትዝጋው» አልኩት።

«ማን ቀረ?» አለኝ።

ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ በሩን ከፍቼ ይዤ ቆምኩ።