ያልጸደቀው የአያ ሙላት ፎቶ

የሠራሁት የመድኃኒት ማስታወቂያ ዛሬ ሳይጸድቅ ተመለሰብኝ፤ ከመናደድ ይልቅ እስካሁን እየገረመኝ ነው።

እዚሁ ወረታ ተቀምጬ ለአንድ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት ድረ ገጽ ማስታወቂያ እሠራለሁ። የሰሞኑ ሥራዬ የሳል ሽሮፕ ነው። ፎቶው ላይ ጎረቤቴ አያ ሙላት ሩዛቸው መሀል ማጭድ ይዘው ይስቃሉ። ሲያምሩ ብታዩ!

ድረ ገጹ ላይ የሚወጣውን ሁሉ አስቀድማ የምታጸድቀው የድርጅቱ ፋርማሲስት ሰዓዳ ናት። በስልክ እንጂ በአካል አንተዋወቅም።

ጠዋት ደወለችና «ጽሑፉ ደህና ነው፤ ፎቶውን ግን አላጸድቅም» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«ሽሮፑ እንቅልፍ ያመጣል። ይህን ፎቶ ያየ ገበሬ ጠጥቶ ወደ አጨዳ ቢሄድስ?»

«እንቅልፍ ሊያመጣ ይችላል» የሚለውን ከፎቶው ሥር የጻፍኩት እኮ እኔው ነኝ!

አያ ሙላት ፎቷቸው እስኪወጣ ቸኩለው ነበርና እየፈራሁ ሄጄ ሰዓዳ ያለችውን ነገርኳቸው። በግራ እጃቸው ጣት ላይ ያለውን የድሮ የማጭድ ጠባሳ እያሻሹ ሰሙኝ።

«ልጅቱ ታውቀኛለች?» አሉኝ።

«ኧረ አታውቅዎትም፣ አያ።»

«ሳታውቀኝ ነው ለጣቴ የሳሳችልኝ?» አሉና ወደ ሰማይ ቀና ብለው መረቋት።

እናንተስ፣ ሳያውቃችሁ የሳሳላችሁ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ፤ ማታ ለአያ ሙላት አነብላቸዋለሁ። ምርቃት አልጨረሱም።