በጋኑ ትከሻ ላይ የቀረች እጅ

ልጅ እያለሁ ከላም ጀርባ ወድቄ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ተሰበረች። እንደ ፈረስ ልጋልባት ብዬ ነበር። የፎገራን ላም ቁመት የሚያውቅ ሰው ከምን ያህል ከፍታ እንደ ወረድሁ ይገባዋል። ወጌሻው አሽቶ ቢያስርልኝም በሁለተኛው ቀን ፈትቼ ጥዬ ኩሬ ውስጥ ስንቦራጨቅ ዋልሁና ጣቴ እንደ ማጭድ ጎብጣ ቀረች። ይችን ጣት ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም፤ በስተርጅና በአገር ፊት ያዋረደችኝ እሷ ናት። ያስታረቀችኝም እሷው።

ነገሩ የሆነው ደርግ ከወረደ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ወረታ የባህልና የታሪክ ሳምንት ታከብራለች ተባለና ከተማው በድምፅ ማጉያ ሲናወጥ ሰነበተ። ከአንበሳሜና ከሐሙሲት ሳይቀር ሰው ጎረፈ። የሐይቅ ዳር ሰዎች ታንኳቸውን ተሸክመው መጡ፤ ፈረሰኞች ጉግስ ተጫወቱ። ለሰልፉ የቀረበው ኮርማችን ደግሞ ንግግሩ ረዘመበት መሰለኝ፣ የክብር እንግዶቹ ዳስ የተከደነበትን ቄጠማ ከሥር ከሥሩ በልቶ እንግዶቹን ፀሐይ ላይ አወጣቸው። በቀበሌው አዳራሽ የጥንት ዕቃ ይታያልና ያላችሁን አምጡ ተባልን። እኔ ጋሻ የለኝ፣ ጎራዴ የለኝ። የነበረኝ የእናቴ የጠላ ጋን ነው፤ እሱኑ በአህያ አስጭኜ ወሰድሁ።

ጋኑን የተቀበለን ለባህሉ ሥራ ከወሎ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሽበት ያየበትን ሁሉ ታሪክ ዐዋቂ ይመስለዋል። በጋኑ ትከሻ ላይ የታተመች አንዲት ትንሽ እጅ አየና «አባባ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለኝ። እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት! ምላሴ ግን መቼ አስችሏት። «እሷማ» አልሁት ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ከጎንደር ነገሥታት የአንዱ ልጅ፣ ሕፃን ሳለ በዚህ ሲያልፍ ያተማት ናት።» ልጁ አንድ ቃል ሳያስቀር ጻፈው።

በማግስቱ ጋኔን በጋሻና በጎራዴው መካከል፣ ቀይ ጨርቅ ተነጥፎለት ጉብ ብሎ አገኘሁት። ተማሪው ተሰልፎ ያየዋል። አንድ መምህር ጎንበስ ብሎ መረመራትና «የነገሥታት እጅ ያስታውቃል! ትንሿ ጣት እንኳ ስትቀናጣ አያችኋት?» ሲል ሰምቼ እጄን ኪሴ ከተትሁ። ጋኑ ሳምንቱ ሲያልቅ ባሕር ዳር ለትልቁ ዐውደ ርእይ እንዲሄድ ታጨ። እኔም በመዝጊያው ዕለት ታሪኩን በድምፅ ማጉያ እንድናገር ተመደብሁ።

ኀሙስ ዕለት ጠጂቱ መጣች። የመንደራችን ሸክላ ሠሪ የነበረችው የእትዬ ስንዱ ልጅ ናት፤ እሷም በእናቷ ሙያ አርጅታለች። ከጋኑ ፊት ቆመችና መዳፏን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ወጣቱ ሮጦ መጣ።

«እማማ፣ መንካት ክልክል ነው።»

«ተው እንጂ ልጄ፣ እኛ ካልነካነው ከየት ይመጣ ነበር? ይልቅ ወረቀቷ ምን እንደምትል ንገረኝ።»

አነበበላት፤ ስለ ንጉሡም፣ ስለ ሕፃኑ ልዑልም። እስኪጨርስ ሰማችው። «ሠሪዋስ?» አለች። «ሠሪዋማ አትታወቅም» አላት። ያኔ ወደ እኔ ዞረች። «አያ ምኒችል፣ እርስዎም አያውቋት?» መልሴን ሳትጠብቅ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

እርስዎ አለችኝ እኮ! አብረን ጭቃ ያቦካን ልጆች ነበርን።

ቤታቸው ከመንደራችን ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር ነበር። ሸክላ ሠሪ ዓይኑ ይበላል እየተባለ ልጅ ወደዚያ ድርሽ እንዳይል ይከለከላል። «ስትሄድ ባገኝህ እግርህን፣ ከእጃቸው ብትቀምስ ነፍስህን!» ትለኝ ነበር እናቴ። ጠላችንን በጋናቸው ጠምቀን እንጠጣለን፤ ከእጃቸው ግን ውኃ አንቀበልም። ይህ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። እኔም አልጠየቅሁም። ግን ያ የእርጥብ ጭቃና የኩበት ጭስ ሽታ ይጠራኝ ነበርና እናቴ ዞር ስትል እዚያው ነኝ። እትዬ ስንዱ ጭቃውን እያድቦለቦለች ዙሪያውን ስትደራርብ፣ በእርጥብ ቆዳ ስታለሰልስ፣ ጋኑ ከምንም ተነሥቶ ሆዱን ሲነፋ ቁጭ ብዬ አያለሁ። በትርፍራፊው ከጠጂቱ ጋር ላም እንሠራለን። የእሷ ላም ልትራመድ ትደርሳለች፤ የእኔ ቀንድ ያወጣ ድንች ትመስላለች።

አንድ ቀን እትዬ ስንዱ ትኩስ የሽምብራ ንፍሮ ለሁለታችንም ዘገነችልን። ርቦኝ ነበር፤ ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ነገር ግን የእናቴ ቃል መጣብኝና ወደ አፌ ያስገባሁ መስዬ በአንገቴ በኩል ወደ እጀ ጠባቤ ለቀቅሁት። እትዬ ስንዱ ዘወር ስትል ለውሻቸው አራገፍሁለት። ቀና ስል ጠጂቱ እያየችኝ ነው። «ውሻው በላው» አለች በቀስታ። አፍሬ ወደ ኋላዬ ስሸሽ ገና ያልደረቀ ጋን ላይ ተደገፍሁና እጄ ጭቃው ውስጥ ሰመጠች።

ሊመጣብኝ ያለውን ጥፊ እየጠበቅሁ ዓይኔን ጨፈንሁ። እትዬ ስንዱ ግን አየችው፣ ልታስተካክለው ማለስለሻ ጠጠሯን አነሳች፣ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። «ተዪው ጠጂዬ፣ ይቆይ» አለች እየሳቀች። «ንፍሯችንን ባይበላልን እጁን ትቶልን ይሄዳል።» ለካ እሷም አይታኛለች።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ እናቴ ለእኅቴ ሠርግ ጋን ልትገዛ ወረታ ገበያ ወረደች። እያንኳኳች፣ ጆሮዋን እየደቀነች፣ ከሁሉ ድምፁ ያማረውን መርጣ አመጣች። በትከሻው ላይ የታተመችውን እጅ ያየቻት ቤት ከገባች በኋላ ነው። ጠራችኝ፤ እጄን ይዛ አጋጠመቻት። ከነጉብጠቷ ልክክ! ልምጩ ወረደብኝ። መሐል ላይ ቆም አለችና «ከእጃቸው ቀምሰሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ኧረ ለውሻው ነው የሰጠሁት!» አልሁ እያለቀስሁ። ልምጩን ጣለችና ራሴን ዳበሰችኝ። «ጎሽ የኔ ልጅ።» ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው የልምጩ ሕመም ጠፍቷል፤ ያች ዳበሳ ግን እስካሁን ታቃጥለኛለች።

እሑድ፣ በመዝጊያው ዕለት፣ አዳራሹ ጢም ብሏል። ጠጂቱ ከበሩ አጠገብ ቆማለች፤ መቀመጫ የለቀቀላት የለም። ድምፅ ማጉያውን ሰጡኝ። ወጣቱ ባለሙያ ሠርግ ቤት እንዳለ ሰው ፈገግ ብሎ ያየኛል። «ንጉሡም ውሸት፣ ልዑሉም ውሸት» አልሁ። ጋኑ ዘንድ ሄጄ እጄን ከኪሴ አወጣሁና ከእጅ ምልክቷ አጠገብ ዘረጋኋት። «እንዲህ ያለች ጎባጣ ጣት በነገሥታት ቤት ተፈልጋም አትገኝ። የእኔ ናት። ጋኑን የሠራችው እትዬ ስንዱ ናት፤ ልጇም ይቻትና፣ አስቁማችኋታል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ልዑል ምኒችል!» ብሎ የጮኸው ባለ ወፍጮው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስሜ ይኸው ሆኖ ቀርቷል። ቀጥዬ የንፍሮውን ነገር ስነግራቸው ግን ሳቁ ቆመ። በዕድሜ የእኔ እኩዮች የሆኑት መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ከፊት ከተቀመጡት አንዱ ተነሥቶ ወንበሩን ወደ በሩ ይዞላት ሄደ። ወጣቱ ወረቀቱን አንሥቶ በአዲስ ጻፈ፦ «ሠሪዋ እትዬ ስንዱ።» ከሥሩ «እጁ የአንድ ባለጌ ልጅ» ብለህ ጻፍበት ስለው ለሽማግሌ እንዲህ አይጻፍም ብሎ እምቢ አለኝ። ጋኑም ንጉሡን ስላጣ ባሕር ዳር መሄዱ ቀረበት።

ዛሬ ያ የላሞቻችን ሜዳ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ሩዝ ነው። ጠላውም በላስቲክ በርሜል ይጠመቃል። ጋኑ ቤቴ ጥግ ላይ ባዶውን ተቀምጧል፤ አልፎ አልፎ እጄን አስጠጋበታለሁ። አትገባም። ያ ልጅ ትንሽ ነበር፤ እኔ ነኝ በኋላ ትልቅ ነኝ ብዬ የዋሸሁት።

ያኔ የባህሉ ሳምንት ባለቀ ማግስት ወደ ወንዙ ዳር ወረድሁ፤ በእግሬ፣ ሳልደበቅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ። ጠጂቱ ጭቃዋን ታለሰልስ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና እጇን ታጥባ ገባች። ስትወጣ ጣባዋ ላይ የሽምብራ ንፍሮ ይጨሳል። እፊቴ አስቀመጠችው፤ እሷም ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እንግዲህ አንተ ሰውዬ ብላ» አለችኝ፣ «ዘንድሮ ውሻ የለንም።»