ካርቶን ላይ የተለጠፈ ፈትል

አባቴን ለማሳመን ካርቶን፣ ማጣበቂያና መቀስ ይበቃኛል ብዬ ነበር። አይ ሞኝነቴ!

ደብረ ብርሃን ውስጥ የቤት ውስጥ ዲዛይን እሠራለሁ። አንድ ሰው አንኮበር ላይ የእንግዳ ማረፊያ ሲያሠራ ለክፍሎቹ የበግ ጠጉር ምንጣፍ ፈለገ። ሸማኔው አባቴ እንዲሆን ተመኘሁ። ትፈትልለት የነበረችው እናቴ ካረፈች ወዲህ የሽመና ዕቃውን ፈታትቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጦ መንገድ ያያል።

እናም ለሥራው ሙድ ቦርድ፣ የክፍሎቹን ስሜት በፎቶ የሚያሳይ ሰሌዳ፣ አዘጋጀሁ። የገደል ጉም፣ የገብስ ነዶ፣ ጭስ የጠገበ የሣር ክዳን፣ ቀለሙ የተላጠ በር፣ የነዚህን ሁሉ ፎቶ ካርቶን ላይ ለጠፍኩ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ አገላብጦ አየው።

«ሰውዬው የላከው ይኼን ነው?»

«እኔ ነኝ የሠራሁለት።»

«ታዲያ ፈትሉስ?»

በእኛ አገር ባና፣ ያንን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የሚያሸምን ሰው ፈትሉን ይዞ ነው የሚመጣው። ሸማኔው ፈትሉን ሲዳስስ ነው ሥራው የሚገባው። ለአባቴ ያለ ፈትል የመጣ ትዕዛዝ ወሬ ነው።

«አባዬ፣ ይኼ እንዲሰማህ ነው እንጂ እንዲሸመን አይደለም።»

«ጉም ደግሞ በወረቀት ይሰማል እንዴ? በይ ተይው እዚሁ።»

በማግስቱ ወደ አንኮበር ልሄድ ካርቶኑን ባነሳ፣ ፎቶዎቼ የሉም! አንድ በአንድ ልጦ በየቦታቸው ቁራጭ ፈትል ለጥፎበታል፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡላ፣ በጉሙ ቦታ ደግሞ ዳለቻ። «አባዬ፣ ምን በደልኩህ?» ብዬ ጮህኩ። እሱ እቴ! «ሰውዬው ይዳስሰው» ብሎ ፊቱን አዞረ። ሌላ ለመሥራት ጊዜ ስላልነበረኝ እየተነጫነጭኩ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መንገድ ላይ ግን እጄ አላርፍ አለ። ጥቁሩ ይኮሰኩሳል፣ ነጩ ይሞቃል። ዳለቻው ለምን እንዲህ ይለሰልሳል? የትኛው በግ ነው? ደጋግሜ ዳሰስኩት፣ አልገባኝም።

የማረፊያው ባለቤት ካርቶኑን ተቀብሎ ዓይኑን ከፊቱ ወዳለው ገደል አድርጎ በጣቱ ብቻ ዳሰሰ። ዳለቻው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይቺ ናት። ጠዋት ጠዋት ከዚህ የሚወጣው ጉም» አለ። የጉሙን ፎቶ እኮ አላየውም! ገረመኝ፣ ደስታዬም ወሰን አጣ። ወዲያው ደወልኩ።

«አባዬ፣ ዳለቻዋን መረጠ!»

«ዳለቻዋን?»

«አዎ፣ ዳለቻዋን!»

«እሷ የእናትሽ ፈትል ናት። የመጨረሻዋ። አንድ ልቃቂት ብቻ ናት ያለችኝ።»

«ታዲያ ለምን ለጠፍካት?»

«እንዲሰማው ነዋ! እንዲሸመን መቼ አልኩ?»

የገዛ ቃሌን መለሰልኝ። «ይቅርብን ልበለው?» አልኩት። «ቆይ እስቲ» ብሎ ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ በር ላይ የለም። የሽመና ዕቃውን ከግድግዳ አውርዶ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ገመዱን ያጠብቃል፤ ልቃቂቷ ከጎኑ ናት።

«ቅዳሜ ገበያ አብረን እንወርዳለን። እንዲህ ያለ ጠጉር ያላት በግ አትጠፋም» አለኝ።

«ማን ይፈትልልሃል?»

«እጅ የለሽም?»

«መፍተል መቼ እችላለሁ፣ አባዬ?»

የእናቴን ልቃቂት አንስቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። «ይቺን እየዳሰስሽ ትለምጃለሽ» አለኝ።