የተርቦቹ ነገረ ፈጅ

የተያዝኩት ሐይቅ መናኸሪያ፣ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ጥፋትህ በመምህራን ስብሰባ ላይ የተናገርከው ንግግር ነው አሉኝ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ዛሬም ብጠየቅ እደግመዋለሁ። ሲፈትሹኝ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒቴን አገላብጠው አዩትና ከቀበቶዬ ጋር ወሰዱት።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። አሥራ አራት ሰው፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት። የላብና የእህል አቧራ ሽታው ገና ከበሩ ደረቴን ያዘኝ። የሚገርመው ግን ከመስኮቱ ሥር ያለው ቦታ ባዶ ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ለአዲስ ገቢ እንዴት ተረፈ እያልኩ ሄጄ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ነገሩ ገባኝ። ከመስኮቱ መቃን ላይ በቀጭን ዘንግ የተንጠለጠለ፣ መዳፍ የሚያህል የተርብ ጎጆ ነበር።

“አብሽር፤ ካልነካሃቸው አይነኩህም” አሉኝ አንድ ሽማግሌ ከወዲያኛው ጥግ። ከአርዲቦ አካባቢ የመጡ ገበሬ ናቸው። በእኛ አገር አበጋር የምንላቸው፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ እስላም ክርስቲያኑ ዱዓቸውን የሚሻ ሰው።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ መተንፈስና ተርብ ማየት ሆነ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ንብም ተርብም ጎጇቸውን በሰም ይሠራሉ ብዬ አስተምሬያለሁ። ይህንኑ ለአበጋሩ በኩራት ስነግራቸው ሳቁብኝ።

“የምን ሰም ነው የምትል? እስቲ ዝም በልና ስማ።”

ዝም አልኩ። ቀትር ላይ ነው፣ ሰዉ አሸልቧል። ክርር፣ ክርር የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዲት ተርብ የመስኮቱን አሮጌ እንጨት በመንጋጋዋ ትፍቃለች። የፋቀችውን አላምጣ፣ አድቦልቡላ ወደ ጎጆው ትወስድና ወደ ኋላ እያፈገፈገች በአንዱ ክፍል ጠርዝ ላይ ስስ አድርጋ ትለጥፈዋለች። ሲደርቅ ግራጫ ወረቀት ይሆናል። ተማሪዎቼን ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብኝ ያወቅኩት እዚያ ነው።

ጎጆውን ያየው ጠባቂ ግን አልወደደውም። “አንድ ሰው ተነደፈ ሲባል ከሰማሁ መስኮቱን በቆርቆሮ ነው የምመታው። ሌላ ጣጣ አልፈልግም” አለና ቆርቆሮውን አምጥቶ ከበሩ ውጭ አስደገፈው። እውነቱን ለመናገር፣ ከመርማሪው ይልቅ ያን ቆርቆሮ ፈራሁት። መስኮቱ ከተዘጋ ሁለት ሌሊት እንደማልቆይ አውቃለሁ።

ከሐይቅ ውጫሌ ሚኒባስ የሚነዳ ሹፌር አብሮን ታስሮ ነበር። “የመስኮቱ ባለርስት” እያለ ይቀልድብኛል። በአራተኛው ቀን ጠዋት ያጠበውን ሸሚዝ መስኮቱ ላይ ሊያሰጣ መጣ።

“ተው፣ ጎጆው ላይ ያርፋል” አልኩት።

“ፀሐዩም የአንተ ነው እንዴ?” ብሎ ወረወረው። እጅጌው ጎጆውን መታ፤ አንዷም ወጥታ ጉንጩን ነደፈችው።

“ክብሪት ስጡኝ! በጭስ ነው የምጨርሳቸው!” አለ።

“ጭሱ መጀመሪያ የሚጨርሰው እኔን ነው!” ብዬ ተነሳሁ። ደረት ለደረት ገጠምን።

“አውፍ በሉ፣ ይቅር ተባባሉ!” አሉ አበጋሩ። ሁለታችንንም ፊት ለፊት አስቀመጡን። “ጠብ ደንብ አለው። የተጎዳው ይናገር።”

ሹፌሩ ተናገረ። ከዚያ አበጋሩ ዙሪያውን አዩና “ለተርቦቹስ ማን ይናገርላቸው?” አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ነገረ ፈጃቸው የሆንኩት እንዲህ ነው። ቤታቸው ሳያስቡት መመታቱን፣ በክፍሎቹ ውስጥ ያልበረሩ ልጆች እንዳሏቸው፣ በዚህ ሁሉ ቀን ማንንም ቀድመው እንዳልነኩ አስረዳሁ። ሰው ሳቀ። ሹፌሩም ሊስቅ ሲል ጉንጩን አመመው።

“ሸሚዝ በበሩ በኩል ይሰጣ” አሉ አበጋሩ። “ጎጆው ይቆይ። ግን አካል ተጎድቷልና ካሳ አለው። እነሱ ስለማይችሉ ነገረ ፈጃቸው ይካስ፤ እብጠቱን በእርጥብ ጨርቅ እየያዘ ያስታምመው።” ዱዓ አደረጉ። ግማሻችን አሜን፣ ግማሻችን አሚን አልን።

ቀኑን ሙሉ ጨርቁን ጉንጩ ላይ ይዤ ዋልኩ። በኋላ ጆሮውን ወደ ደረቴ አቀረበ።

“ሁልጊዜ እንዲህ ያፏጫል?”

“መስኮት እያለ ነው እንዲህ።”

“ቢዘጋስ?”

መስኮቱን አየሁና ጨርቁን ገለበጥኩለት።

ማታ ለቆጠራ ሲመጣ ጠባቂው የሹፌሩን ፊት አየ። “ተርቡ ነው፣ አይደል?” አለ። እጁ ወደ ቆርቆሮው ሄደ።

“ጥርሴ ነው” አለ ሹፌሩ።

“ጥርስ እንዲህ ያሳብጣል?”

“የእኔ ያሳብጣል። ስንት ቀኑ፣ እንቅልፍ አሳጥቶኛል።”

ጠባቂው ሁላችንንም በየተራ አየን። “ጥሩ። ነገ ይነቀልልሃላ” አለና ሄደ።

ቀልድ መስሎን ነበር። በነጋታው ግን ሐኪም ቤት ወሰዱት። ጠባቂው ከአጠገቡ አልራቀም፤ የታመመ ጥርስ የለኝም ማለት መስኮቱን ማዘጋት ነበር። ሐኪሙ “ደህና ይመስላል እኮ” ቢለው እንኳ ጣቱን ከጥርሱ ላይ አላነሳም። ጥጥ ነክሶ ተመለሰና ከጎኔ ተቀመጠ። አለቀስኩ።

“የተነቀለው የእኔ፤ የምታለቅሰው አንተ?” አለኝ፣ ጥጡን እንደነከሰ።

መስኮቱ እስክንወጣ ድረስ ክፍት ነበር። አዲሶቹ ተርቦች የክፍሎቻቸውን ነጭ ክዳን በልተው ሲወጡ ያየሁትም እዚያው ነው።

አሁን ሐይቅ ተመልሼ አስተምራለሁ፤ ተርብ ጋ ስደርስ ስህተቴን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ሹፌሩም ወደ መሪው ተመልሷል። መንገድ ላይ ሲያየኝ ተሳፋሪ እንደጫነ ያቆምና የልጆቼን ደህንነት ከመጠየቁ በፊት “ደረትህስ?” ይለኛል። ሰው በዚህ አገር አለ የምለው እሱን ሳይ ነው። ባለፈው ስቆ የጎደለው ጥርሱ ቦታ ስለታየኝ “ለምን አታስተክለውም?” አልኩት።

“ተወው፣ አየር ይግባበት” አለና ማርሽ አስገብቶ ሄደ።